ተራ ቁጥር 14

መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይህን እኔ አላነብም» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸውና ለመደመጥ መጮህ አያስፈልጋቸውም። የተቀመጥነው ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ ባለ አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት፣ ቀይ በተቀባው ነደባ (ከፍ ብሎ በተሠራው የመቀመጫ መደብ) ላይ ነው። 12 ሰዎች ነን፤ እያንዳንዳችን ስለ ከተማችን ታሪክ የተጻፈውን በየተራ የምናነብበት ወረቀት ይዘናል፤ መካከላችን ሁለት ፔርሙዝ ሆጃ አለ። ተራ ቁጥር 13ን ያነበበው ወጣት አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ቀጥሎ ያለው 14 ነው። 14 ደግሞ በዕጣ የደረሰው ለእርሳቸው ነው።

ማንም አልተናገረም። እኔም የምለው ጠፋኝ። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐረር ስወለድ ከግንቡ ውጭ ነው የተወለድኩት። የአያቴ አባት ከሸዋ የመጣ ወታደር እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁ። ፎቶግራፍ የለውም፤ ጎራዴው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ከእርሱ የቀረን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ከራስ መኮንን ጋር ነው የመጣነው።» አባቴ ይህን በኩራት ይለው ነበር። እኔ ደግሞ ከፍ ካልኩ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገርን ተማርኩ። የልብ ጓደኛዬ የጁገል ልጅ ናት። የእነርሱም ቤት የራሱ ዐረፍተ ነገር አለው፦ «ከጨለንቆ አልተመለሰም።» እርሷና እኔ አብረን ተምረናል፤ ከአንድ ገበታ በልተናል፤ በሠርጉም በለቅሶውም አልተለያየንም። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ግን አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠናቸው አናውቅም ነበር።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው የምለውን ያውቃል። ሐሮማያ ታልፋለች፤ ቁልቢ ሲደረስ ተሳፋሪው ወደ ገብርኤል ዞሮ ያማትባል። ቁልቢ ገብርኤልን መጀመሪያ ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ በ1898 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ትንሽ እንደተጓዙ ጨለንቆ ይመጣል። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የሐረሩ ገዥ የአሚር አብዱላሂ ጦርና የያኔው የሸዋ ንጉሥ የምኒልክ ጦር የተዋጉበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቁልቢ ላይ ሳማትብ ፈገግ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጨለንቆ ስንደርስ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሐ ቀሩ። እኔም እንዳልረብሻቸው ዝም አልኩ። ሁለታችንም መልካም ሰዎች ነበርን። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ስለ ልጆቻቸውና ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን፤ ስለ ሁለቱ ቦታዎች ግን ቃል አልተነፈስንም።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በተሰማ ማግስት፣ ከጁገል ውጭ የነበረው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት ፈረሰ። በብዙ ከተሞች የሰው ሕይወት የጠፋበት መራራ ሰሞን ነበር። ሐውልቱ የአፈወርቅ ተክሌ የእጅ ሥራ ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ሬዲዮውን ዘግቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ጓደኛዬ ቤት ምን እንደተባለ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

በዓመቱ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ከተማችን ታሪክ የውይይት መድረክ ጠራ። ሄድኩ። ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ «በነፃነት ተናገሩ» ተብለን ነበርና። የመጀመሪያው ተናጋሪ ማይክሮፎኑን ይዘው ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ሁለተኛው ሲነሡ ንግግራቸውን «እናንተ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ቋንቋ «እናንተ» እና «እኛ» ብቻ ሆነ። አወያዩ ሰዓት እየጠቀሰ ለማብረድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንዳቸውም ዕድል አላገኙም። አጠገቤ የነበረች ተማሪ ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር ጽፋ እጇን ሦስት ጊዜ አንሥታለች። በመጨረሻ ገጹን ገንጥላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንደጻፈች አለማወቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለብዙ ወራት ጥፋቱ የአወያዩ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሰው ስለ ጨለንቆ ሲናገር ለራሱ አይናገርም፤ ለሞቱት ነው የሚናገረው። ራሱ የተበደለውን ሰው ይቅር ሊል ይችላል፤ የቅድመ አያቱን በደል ግን በማን ሥልጣን ይቅር ይላል? «እንደዚህም ሊሆን ይችላል» ብሎ አንዲት ስንዝር ቢያፈገፍግ፣ መቃብር ውስጥ ያለውን ሰው አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ «በነፃነት ተናገሩ» የሚለው ግብዣ ነፃ አያወጣውም። ይልቁንም ጠበቃ አድርጎ ያቆመዋል፤ ጠበቃ ደግሞ የደንበኛውን ጉዳይ ለተቃራኒው ወገን አይለቅም። ይህ በሕግ ፊት ያስኬዳል። አንድ ከተማ ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ግን አይበጅም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሌሎች አገሮች ሙዚየሞቻቸውን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው ማንበብ የጀመርኩት። ዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከግሪንስቦሮ ከተማ የመጣ የምግብ መሸጫ ባንኮኒ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለው በዚያ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም ያሉበት ነው። ሙዚየሙ በዚህ ዕቃ ዙሪያ ባዘጋጀው ዝግጅት፣ በጽሑፍ የተሰናዳ ተውኔት ይዞ የሚመራ ተዋናይ ጎብኚዎቹን በ1960 እንዳሉ ሠልጣኞች ይቆጥራቸውና «ቢሰድቡህ፣ ቢገፉህ ምን ታደርጋለህ?» እያለ ያለማምዳቸው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ የተባለው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1994 የባሪያ ጨረታ በተዋናዮች አሳይቶ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞታል። ሊቃወሙ ከመጡት መካከል ትርኢቱን ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን የለወጡ ሰው እንደነበሩም ይነገራል። እኔ በተቃዋሚዎቹ አልፈርድም። ተዋናይ መከራን ሲጫወት የቀረነው ተመልካቾች እንሆናለን፤ ተመልካች አዝኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተጠየቀው ነገር የለም።

ልቤን የያዘው ሦስተኛው ምሳሌ ነው። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1852፣ በአገሩ የነፃነት በዓል ማግስት፣ ይህ በዓል ለባሪያ ምኑ ነው ብሎ የጠየቀበት ንግግር አለው። በማሳቹሴትስ ግዛት ባሉ ከተሞች ሰዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ይህን ንግግር አንድ ላይ ያነቡታል። አንዱ አንድ አንቀጽ ያነብባል፤ ቀጣዩ ከዚያ ይቀበላል። ነጩም ጥቁሩም፣ ሽማግሌውም ተማሪውም የዳግላስን «እኔ» በራሱ አፍ ይለዋል። መድረክ ላይ የሚወጣ ጎበዝ ተናጋሪ የለም፤ ጭብጨባም አይጠበቅም። ከዚያ በኋላ ይነጋገራሉ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ነገሩ አዲስ አልመሰለኝም። ሐረር ውስጥ ሰው ሲሞት ቁርኣን ለማኽተም 30ው ጁዝ (ክፍል) ለተሰበሰቡት ይታደላል፤ ሁሉም የደረሰውን ያነብባል፤ በአንድ መቀመጫ ሙሉው ይጠናቀቃል። በቤተ ክርስቲያንም ዳዊት ተከፋፍሎ ይደገማል። «ይህ ክፍል አይስማማኝም፤ ሌላ ስጡኝ» የሚል የለም። የደረሰህን ታነብባለህ፤ ከአንተ በፊት ያለው ካነበበው ጋር ተያይዞ ነው ትርጉም የሚሰጠው። እኛ ንባብ መካፈልን ከሞት ጋር የለመድን ሰዎች ነን። ስለ ሞቱት ስንነጋገርስ ለምን አናደርገውም? ስም ያስፈልገዋል ከተባለ «የድርሻ ንባብ» እንበለው።

ጽሑፉን ለማዘጋጀት ሰባት ወር ፈጀብን። ጓደኛዬ፣ እኔ፣ ሁለት የታሪክ መምህራንና የአንድ አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) አባል የሆኑ እናት ነበርን። ከጓደኛዬ ጋር ሁለቱን የቤታችንን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥነው ያን ጊዜ ነው፤ ወረቀት ላይ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ከሆነው ወዳጅነት በኋላ።

መጀመሪያ የተጣላነው በግስ ነው። በ1879 ሐረር ምን ሆነች? ተያዘች? ተወረረች? ቀናች? ተቀላቀለች? ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች? እያንዳንዱ ግስ ከኋላው ሙሉ ክርክር ይዞ ይመጣል። ገለልተኛ ቃል ስንፈልግ ሦስት ቅዳሜ አለፈን፤ አላገኘንም። በስምም እንዲሁ ነው። አንዱ ግራኝ ያለውን ሌላው ኢማም አሕመድ ይለዋል፤ ሱማሌው ጉሬይ ይለዋል። አንዱን ስም መርጠህ ገና አፍህን ስትከፍት ግማሹ ሰው ጆሮውን ዘግቷል። በመጨረሻ የአፎቻዋ እናት «ለምን አንድ ታደርጉታላችሁ? ሁሉም እንደሚጠራው ይጥራው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ተራኪው ቀንና ቦታ ብቻ እንዲናገር አደረግን፤ ግሱንና ስሙን ለባለቤቶቹ ተውንላቸው። ተራ ቁጥር 3 «ግራኝ» ይላል፤ ተራ ቁጥር 4 «ኢማሙ» ይላል። አንባቢው በዕጣ የደረሰውን እንደተጻፈ ያነብባል።

ሁለተኛው ሕጋችን በታሪክ ለሚታወቅ ሰው ያላለውን ቃል አለመስጠት ነበር። ከሰነድ የሚታወቀውን ተራኪው በአጭሩ ይናገራል፤ ቀሪው ሰዎች ከቤታቸው የሰሙትና ስማቸው ያልተጠቀሰ ንግግር ነው። ሰነዱም ቢሆን ጨዋ አይደለም። ምኒልክ ከድሉ በኋላ በየመኗ ኤደን ለነበረው የእንግሊዝ ተወካይ የጻፉት ደብዳቤ አሚር አብዱላሂን የግራኝ ተተኪ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ኢማሙ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ340 ዓመታት በላይ አለ። አሚሩም በበኩላቸው ከጦርነቱ በፊት ለምኒልክ ጥምጣምና መስገጃ ልከው እስልምናን እንዲቀበሉ መጠየቃቸው ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነባቸው አንደኛው የታሪክ መምህር ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከሙታን ጋር ነው የሚነጋገሩት» አለ። እኔ አዳራሹ ትዝ አለኝ።

ሦስተኛው ጉዳይ ባርነት ነበር። እዚህ ላይ ግን አልተጣላንም፤ ሁላችንም እኩል ዝም አልን። ሐረር የባሪያ ገበያ ነበረባት፤ ሰው እየተሸጠ በዘይላና በበርበራ ወደቦች በኩል ባሕር ይሻገር ነበር። ራስ መኮንን ከተማዋን ማስተዳደር ከጀመሩ በኋላም ባርነት ወዲያው አልጠፋም፤ በአገሪቱ በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጁገሉም ቤት የወታደሩም ቤት በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ ናቸው፤ ከሳሹ ግን እኛ መካከል አልነበረም። የአፎቻዋ እናት ቀስ ብለው «እኛ ‹ያሳደግናት› ነው የምንለው» አሉ። ቤቱ ውስጥ የነበረችውን ሴት ‹ያሳደግናት› ብሎ መጥራት! ከተራ ቁጥር 20 እስከ 23 ያሉት መስመሮች የተጻፉት በዚያች ቃል ዙሪያ ነው። ከ31ዱ መስመሮች ሁሉ ደካሞቹ እነርሱ ናቸው፤ አውቀዋለሁ። የሌላውን ሐዘን በሩቅ የጻፈ ሰው እጅ ይታይባቸዋል።

ቦታውን የመረጥነው ለጌጥ አይደለም። የሐረሪን ቤት የሚያውቅ ሰው ነደባዎቹ ደረጃ እንዳላቸው ያውቃል። አሚር ነደባ የሚባለው የታላላቆቹ ነው፤ ሌሎቹ በዕድሜና በማዕረግ ዝቅ እያሉ ይሄዳሉ፤ በሩ ሥር የሚቀመጠው ዝቅተኛው ነው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ቤቱ ራሱ ይነግርሃል። ቀዩ ቀለም ደግሞ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ጎብኚ ገብቶ «እንዴት ያምራል» ብሎ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። ሙዚየም ለዚህ ንግግር የሚበጀው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ራሱ ከጎንህ ተቀምጧል። በሸሪፍ ሙዚየም የአሚሮቹ ሳንቲሞችና የብራና ጽሑፎች የሚታዩት የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ ማለትም በራስ መኮንን ልጅ ስም በሚጠራው ቤት ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ይህ ነገር በራሱ ንግግር መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ወረቀቱን ማዘጋጀት ከጀመርን በኋላ ነው።

በንባቡ ቀን ሁሉም እንደ ልማዱ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ ልጆቹ በሩ ሥር። ዕጣው ግን ወንበር አያውቅም። የመጀመሪያዋ መስመር በሩ ሥር ለተቀመጠች የ17 ዓመት ተማሪ ደረሰች። እኔ ተራኪ ሆኜ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። የአፎቻዋ እናት አዩኝና «አንቺስ? ለሰው ሰጥተሽ አንቺ አታወጪም?» አሉኝ። አፈርኩ። ተራኪነቱን ለአንዱ መምህር ሰጥቼ ከዕጣው አወጣሁ፤ 9 ደረሰኝ። ተራ ቁጥር 9 የጓደኛዬ ቤት ዐረፍተ ነገር ነው።

ማስመሰል የለም ብለን ተስማምተን ነበር። ድምፅ መቀየር፣ ማልቀስ፣ እጅ ማወናጨፍ የለም፤ ዜና እንደሚነበብ ማንበብ ብቻ። «ቅድመ አያቴ ጠዋት ወጣ። ከጨለንቆ አልተመለሰም። ሴቶቹ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ።» ይኸው ነው፤ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር። ስንት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አውቀዋለሁ። «ቅድመ አያቴ» ስል ግን አፌ ውስጥ ያለው ሰው የእኔ ሟች አልነበረም፤ ምናልባትም የእኔ ሟች የገደለው ሰው ነው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ከዳኝ። ጓደኛዬ ከወዲያ በኩል ወረቀቷን እያየች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ደግ አደረገች።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ከወጣቶቹ አንዱ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቁቤውን እንደ ውኃ ያነብባል፤ የአማርኛውን ፊደል ግን እየነጠለ ነው የሚያነብበው። ዕጣው ረጅም የአማርኛ መስመር ሰጠው። እያንዳንዱን ቃል ሲያወጣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ተከተልነው። የተጣደፈ አንባቢ ቢሆን የምናልፈውን ቃል ሁሉ ሰማነው። በኋላ መምህሬ በቁቤ የተጻፈ መስመር ሲደርሳቸው ያው ወጣት አጠገባቸው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ረዳቸው፤ አንድ ቃል እርሱ፣ አንድ ቃል እርሳቸው።

ከዚያ በፊት ግን 14 መጣ። «የእኔ ቅድመ አያት ከራስ መኮንን ጋር ነው የመጣው። እዚህ አግብቶ፣ እዚህ ወልዶ፣ እዚህ ነው የተቀበረው። ሐውልቱ ሲፈርስ አባቴ ሬዲዮውን ዘጋ። እኔ ሌላ አገር የለኝም።» መምህሬ አላነብም አሉ። ሕጋችን ይህን ይፈቅዳል፤ ማንም ሰው ምክንያት ሳይሰጥ ማሳለፍ ይችላል። ይህ ሕግ ከሌለ ነገሩ ሁሉ ግፍ ይሆናል። በዝግጅቱ ጊዜ አንድ የዘር ስድብ ከመስመር ያወጣነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስድቡ በታሪክ መነገሩ እውነት ቢሆንም፣ የተሰደበው ሰው ልጅ በራሱ አፍ እንዲለው ዕጣ የሚያስገድድበት ምክንያት አልታየኝም። አንደኛው መምህር በዚህ እስከ ዛሬ አይስማማም፤ እውነትን መላጨት ነው ይላል።

ወረቀቱ በሩ ሥር ወደተቀመጠችው ተማሪ አለፈ። እርሷ አነበበች። ጥርት ባለ፣ ምንም በሌለበት ድምፅ። ስትጨርስ መምህሬ «አንድ ጊዜ ድገሚው» አሏት። ደገመችው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ወስደው ራሳቸው አነበቡት። «ሬዲዮውን ዘጋ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጨረሱት።

ውይይቱ ከንባቡ ረዘመ። የሕሊና ስፍራዎች ጥምረት የሚባለው የሙዚየሞች ማኅበር ውይይት ከትልቁ ጥያቄ አይጀመርም የሚል ልምድ አለው፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ከራሱ ሕይወት ይናገራል። እኛም የመጀመሪያውን ጥያቄ «የትኛው መስመር አፍህን ከበደው?» አደረግነው። ይህ ጥያቄ «እናንተ» ለሚለው ቃል ቦታ አይሰጥም። ሰው «እኔ 14 ከበደኝ»፣ «እኔ 21» ይላል። የአዳራሹን ቀን የሚያህል ከባድ ነገር ተነግሯል፤ ጓደኛዬ ስለ ሐውልቱ ያለችውን ሰምቼ ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን የተናገረችው ስለ 14 ነው፤ 14 ደግሞ አሁን የሁለት ሰው አፍ ውስጥ ያለፈ መስመር ነው።

አልተስማማንም። ሐውልቱ ይመለስ የሚልም፣ ፈጽሞ አይመለስ የሚልም እዚያው ቤት ገብቶ እዚያው አቋሙን ይዞ ወጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲያሰባስብ እንደ ከረመው አጀንዳ ያለ፣ ውሳኔ የሚሻ ነገር በእንዲህ ያለ ንባብ አይወሰንም። የድርሻ ንባብ ሊያታልልም ይችላል። ጽሑፉን የያዘ እጅ የሌላውን ድምፅ አለስልሶ፣ የራሱን አሳምሮ መጻፍ ይችላል፤ አንባቢዎቹም ሳያውቁ የእርሱን ሐሳብ ያነብቡለታል። እኔ ራሴ 14ን ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ተንከባከብኳት ሲነበብ ነው የሰማሁት። «ሌላ አገር የለኝም» የሚለው የሰውን ልብ ለመያዝ የተጻፈ ነው። የዘጠኝ ቁጥሯ ሴት ግን ምንም አልለመነችም። ለሚቀጥለው ንባብ የዚያን መስመር መጨረሻ አውጥቼዋለሁ። አባቴ ቅር ይለው ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሬ ቤት ድረስ መጡ። ቡና አልጠጡም፤ ቸኩያለሁ አሉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፦ «እናቴን ያሳደገቻት ሴት እኛንም አሳድጋናለች። ሁላችንም ሞግዚት ነበር የምንላት። በሩ ሥር ነበር የምትቀመጠው። ከየት እንደመጣች አልጠየቅንም።»

«ከ22 እና ከ23 መካከል አግቢያት፤ የእናንተዎቹ መስመሮች ከሩቅ የተጻፉ ናቸው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለምን በእርሳስ?» አልኳቸው።

«ስሟ ይጎድላል፣ ልጄ። እህቴ ታውቀው ይሆናል። ድሬዳዋ ናት፤ እጠይቃታለሁ።»

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወረቀቱን እንዳለ ከጎን ለጥፌዋለሁ። ቁጥሮቹን ገና አልቀየርኩም። መምህሬም እስከ ዛሬ አልደወሉም።